ነዋሪው ነጥብ ሲሰጥ፦ የባንጋሎር ሪፖርት ካርድ

የከተማ ነዋሪን «ኑሮ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ማንም ይችላል። ከባዱ መልሱን የሚረከብ ሰው ማግኘት ነው። ብዙ የነዋሪዎች ዳሰሳ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ጥሩ ተደርጎ ይታተማል፣ ስብሰባ ላይ ይቀርባል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ምክንያቱም «ነዋሪው በከተማው አገልግሎት በመጠኑ ረክቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲነበብ «ይሄ እኔን ነው የሚመለከተው» ብሎ የሚደነግጥ ኃላፊ የለም።

የባንጋሎርን ጉዳይ የወደድኩት ለዚህ ነው። እዚያ የተሰራው ዳሰሳ እንዲያስደነግጥ ተደርጎ ነው የተሰራው። ታሪኩ ከ1993 እስከ 2003 ይሄዳል፤ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ባንጋሎር በደቡብ ህንድ የካርናታካ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከ2014 ጀምሮ በይፋ ቤንጋሉሩ ትባላለች፣ እኔ ግን በጊዜው ስሟ እጠራታለሁ። በ1991 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ በፍጥነትም እያደገ ነበር። የሶፍትዌር ኩባንያዎች እየመጡባት ነበር። ውሃው፣ መብራቱ፣ ስልኩ፣ የቆሻሻ አነሳሱና የቦታ አሰጣጡ ግን ያንን እድገት አልተከተለም። እያንዳንዱ አገልግሎት የሚሰጠው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። አማራጭ የለም። የቧንቧ ውሃው ያስከፋው ሰው ሌላ የውሃ መሥሪያ ቤት ሄዶ ደንበኛ አይሆንም። ቢናደድም እዚያው ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ደንበኛ አይጎድልበትም።

ነገሩን የጀመረው ሳሙኤል ፖል የሚባል የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነው። በአህመዳባድ ያለውን የህንድ የማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በዳይሬክተርነት መርቷል፣ ዓለም ባንክም ሰርቷል። ባንጋሎር ሲኖር እንደማንኛውም ነዋሪ በነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ተመላልሷል። ሰዎች ስለ አገልግሎቱ የሚያወሩት ብሶት ብዙ ነበር፤ ግን ብሶት ብቻውን በቀላሉ ይጣላል። ኃላፊው «አንድ ሁለት ሰው ነው የሚያማርረው» ካለ ክርክሩ እዚያ ያበቃል። ፖልና አብረውት የነበሩ ጥቂት ነዋሪዎች ይህን መልስ የሚዘጋ ነገር ፈለጉ፤ በቁጥር የተደገፈ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተከፋፈለ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል። ስሙን የዜጎች ሪፖርት ካርድ አሉት። ተማሪ በየትምህርቱ ማርክ እንደሚሰጠው ሁሉ ነዋሪው ለውሃው፣ ለመብራቱ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ለየብቻ ማርክ ይሰጣል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መንግሥት አላዘዛቸውም። መረጃ አሰባሰቡን በገበያ ጥናት ለሚሰራ ድርጅት ሰጡት። ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። «ጥላቻ ነው፣ ፖለቲካ ነው» የሚል ክስ እንደሚመጣ ያወቁ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ቁጥሩን የሰበሰበው ከውጤቱ ምንም የማያገኝ ባለሙያ ሆነ።

አጠያየቁ

የጥናቱ ጉልበት ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ነገር፣ የተጠየቁት ሰዎች ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በቅርብ ጊዜ በትክክል ጉዳይ የነበራቸው ናቸው። ስለ ውሃ መሥሪያ ቤቱ የሚመልሰው ሰው የቢል ስህተት ለማስተካከል ወይም መስመር ለማስገባት ወይም የተበላሸ ለማስጠገን የሄደ ነው። ይህ ትንሽ ዝርዝር ሊመስል ይችላል፣ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። መሥሪያ ቤቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለዚያ መሥሪያ ቤት ቢጠየቅ የሚነግረን ስሙ በከተማው ውስጥ እንዴት እንደሚነሳ ነው። ጋዜጣ ላይ ያነበበውን፣ ጎረቤቱ ያማረረውን፣ መንግሥትን በአጠቃላይ ይውደደው ይጥላው። ጉዳይ ኖሮት የሄደ ሰው ግን የሆነውን ይነግራል።

ሁለተኛው፣ ጥያቄዎቹ «ረክተዋል ወይ?» ላይ አልቆሙም። ጉዳይዎ አለቀ? ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ሠራተኛው እንዴት አስተናገደዎ? የሚያስፈልገውን መረጃ ነገሩዎት? እና በግልጽ፦ ገንዘብ ሰጥተዋል? ስንት? እነዚህ ጥያቄዎች ለኃላፊው የሚሰጡት ነገር አላቸው። «ነዋሪው አልረካም» ከተባለ ኃላፊው ትከሻውን ይነቀንቃል። «ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ለአንድ ነገር ደጋግመው ይመላለሳሉ፣ ሲመጡም ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ የሚነግራቸው የለም» ከተባለ ግን ነገ ጠዋት ሊስተካከል የሚችል ነገር ተገኘ ማለት ነው። አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም አንድ የመረጃ ጠረጴዛ ሊቀርፈው ይችላል።

ሦስተኛው፣ ድሆች ለብቻ ተጠየቁ። በአጠቃላይ ከ1,100 በላይ ቤተሰቦች ተጠይቀዋል፤ 807ቱ ከአጠቃላዩ ነዋሪ፣ 327ቱ ከድሃ ሰፈሮች። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ አማካይ ማውጣት ቀላል ነበር። ግን የድሃ ሰፈር ነዋሪ ከመሥሪያ ቤቶች የሚፈልገው ሌላ ነው። ስልክ አያስገባም፣ ቦታ አያስመዘግብም። ጉዳዩ የሰፈር ቦኖ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ቢቀላቀል ድምፁ ይጠፋል። መረጃውም የተሰበሰበው ቤት ለቤት በአካል ነው፤ በዚያ ዘመን ስልክ ማስገባት ራሱ ዓመታት የሚያስጠብቅ ጉዳይ ስለነበር በስልክ መጠየቅ ማለት ድሃውን ከመጀመሪያው ማስወጣት ነበር።

የመጀመሪያው ካርድ

ውጤቱ በ1994 ወጣ። በአማካይ ረክቻለሁ ያለው 9 በመቶ ብቻ ነበር።

አማካዩ ግን ዋናው ነገር አይደለም። ዝርዝሩን እዩት። የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንጻራዊነት የተሻሉ ነበሩ፦ 25 በመቶ ረክቷል፣ 19 በመቶ አልረካም። ማዘጋጃ ቤቱ 5 በመቶ የረካ፣ 49 በመቶ ያልረካ። የውሃና ፍሳሽ ቦርዱ 4 በመቶ የረካ፣ 46 በመቶ ያልረካ። ቦታ የሚያከፋፍለውና የሚያለማው የከተማው ልማት ባለሥልጣን ደግሞ 1 በመቶ የረካ፣ 65 በመቶ ያልረካ። አንድ በመቶ! ከዚህ ባለሥልጣን ጋር ጉዳይ ከነበራቸው ሰዎች 33 በመቶው ጉቦ መክፈላቸውን ተናገሩ፤ በአማካይ 1,850 ሩፒ፣ በጊዜው ቀላል ገንዘብ አይደለም። በአጠቃላዩ ነዋሪ ደግሞ ከሰባት ሰው አንዱ ጉቦ ከፍሏል።

ይህን የሚያነብ የልማት ባለሥልጣኑ ኃላፊ «ከተማው ችግር አለበት» ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ስሙ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች አሉ። እነሱም ድሆች ናቸው በበጀት፣ እነሱም የመንግሥት ናቸው፣ የሚያገለግሉት ሕዝብም አንድ ነው። «በጀት የለንም፣ ሕዝቡ በዛብን» የሚለው የተለመደ ምክንያት በአንድ ሠንጠረዥ ወደቀ። በእኔ እይታ የዚህ ጥናት ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ማሰለፍ።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በየጥቂት ዓመቱ የሚያሰራውን የከተሞች የኑሮ ጥራት ዳሰሳ እንይ። በ2023 በ83 ከተሞች ከ71,000 በላይ ነዋሪዎች ተጠይቀዋል፣ በከተማዬ መኖሬ ያስደስተኛል ካሉት ነዋሪዎች ድርሻ ዙሪክ በ97 በመቶ ላይ ተቀምጣለች። ሥራው ትልቅ ነው፣ ስለ አረንጓዴ ቦታ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ደህንነትና ስለ ቤት ብዙ ያሳያል፣ ለተመራማሪም ለፖሊሲ አውጪም በጣም ይጠቅማል። ግን ከተማን ከከተማ ነው የሚያነጻጽረው። አንድ ከተማ ዝቅ ብላ ብትገኝ ተጠያቂው አንድ ሰው አይደለም፤ ታሪኳም፣ የአገሩ ኢኮኖሚም፣ አየሩም አለበት። የባንጋሎሩ ዳሰሳ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ጣቱን የሚቀስርበት በር አለው።

ማን መለሰ፣ ማን ዝም አለ

ውጤቱን ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ የሚባለው ጋዜጣ ተቀበለው። የአንድ ቀን ዜና አድርጎ አልተወውም፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ መሥሪያ ቤት እየወሰደ ጻፈበት። ይህ ብዙ ለውጧል ብዬ አምናለሁ። አንድ ሠንጠረዥ በአንድ ቀን ሲወጣ ሁሉም ይወቀሳል፣ ሁሉም ስለተወቀሰ ማንም አይሰማውም። በየሳምንቱ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱን ሳምንት ይጠብቃል።

አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ግን ዝም አሉ። የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው ብዙ ሰው ከማይጠብቀው ቦታ ነው፤ ከሁሉ ዝቅተኛ ማርክ ካገኘው ከልማት ባለሥልጣኑ። ኃላፊው ከጥናቱ ባለቤቶች ጋር ተገናኝቶ ተጨማሪ ዝርዝር ጠየቀ። የማዘጋጃ ቤቱም በኋላ ከነዋሪ ማኅበራት ጋር ስዋብሂማና የሚባል የጋራ መድረክ አቋቋመ። ሌሎቹ የጋዜጣው ጫጫታ እስኪያልፍ ጠበቁ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ዳሰሳ ያቆማል። አንዴ ተለካ፣ አንዴ ተጮኸ፣ አለቀ። ፖል ግን በ1994 ፐብሊክ አፌርስ ሴንተር የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ተቋም መሠረተ፣ ሥራውም ቀጠለ። ይህ ተቋም ባይኖር ሁለተኛው ካርድ አይወጣም ነበር፣ ሁለተኛው ባይኖር ደግሞ የመጀመሪያው ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ባልኖረ።

ሁለተኛው ዙር በ1999 መጣ። አሰራሩ ተለውጦ ነበር። መጀመሪያ ለየመሥሪያ ቤቱ የራሱን ውጤት የያዘ አጭር ካርድ ሰጡት፣ ከዚያ ኃላፊዎቹና ነዋሪዎቹ በተገኙበት ስብሰባ ተደረገ። ኃላፊዎቹ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ማሳፈር አንድ ነገር ነው፤ ከማሳፈር በፊት የመዘጋጃ ጊዜ መስጠት ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው የተሻለ ይሰራል። አማካይ እርካታው 34 በመቶ ደርሶ ነበር። ከ9 አንጻር ጥሩ ነው፣ ከግማሽ ግን በጣም ይርቃል።

ደስ የማይለው ቁጥር ግን ከእርካታው ጎን ተቀምጧል። ጉቦ የከፈለው ሰው ድርሻ ከ14 ወደ 22 በመቶ ከፍ ብሏል። አገልግሎቱ ተሻሻለ፣ ጉቦውም ጨመረ። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው፣ የከፈለ ሰው ጉዳዩ ቶሎ ካለቀለት ረክቻለሁ ሊል ይችላልና። የመጠይቁ አዘጋጆች የእርካታን ጥያቄ ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ በ1999 የሚታየው ንጹህ መሻሻል ነበር። ጉቦውን ለብቻ ስለጠየቁ ነው ሌላው ገጽ የወጣው። ለነዋሪ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ ይህን ቢወስድ እመርጣለሁ።

በዚያው በ1999 የካርናታካ ዋና ሚኒስትር የሆኑት ኤስ. ኤም. ክሪሽና የባንጋሎር አጀንዳ ግብረ ኃይል የሚባል አቋቋሙ። የመንግሥት ኃላፊዎች፣ የንግድ ሰዎችና የከተማው ታዋቂ ነዋሪዎች ነበሩበት። መሪው የሶፍትዌር ኩባንያው የኢንፎሲስ ሰው ናንዳን ኒሌካኒ ነበር፣ ሳሙኤል ፖልም አባል ሆነ። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በየጊዜው በሕዝብ ፊት እየቀረቡ ቃል የገቡትንና የሰሩትን ይዘረዝሩ ነበር። ዋና ሚኒስትሩ ስብሰባው ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ የኃላፊው አነጋገር ይለወጣል። በቁጥር የተጻፈውን ቅሬታ የሚከታተል ባለሥልጣን የተገኘው አሁን ነው።

ከለውጦቹ አንዱን ልጥቀስ። በ2000 ማዘጋጃ ቤቱ የንብረት ግብር ላይ ባለቤቱ ራሱ አስልቶ የሚከፍልበትን ሥርዓት አስገባ። ቀድሞ ገማች መጥቶ ቤቱን አይቶ ይወስን ነበር፣ ድርድሩም የሚጀመረው እዚያ ነው። አሁን ባለቤቱ በታወቀ መመዘኛ አስልቶ ይከፍላል። ሠራተኛውና ነዋሪው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ ሲቀንስ ጉቦ የሚጠየቅበት ቦታም ይቀንሳል። ጉቦን በስብከት ከመዋጋት ይልቅ የሚጠየቅበትን በር መዝጋት፣ ይህ በጣም ትክክል ነው።

ሦስተኛው ካርድ በ2003 ወጣ። አማካይ እርካታው 49 በመቶ። ጉቦ የከፈለው 11 በመቶ። ሁለቱም ቁጥሮች ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሄዱት በዚህ ዙር ነው።

ታዲያ ካርዱ ነው ያመጣው?

ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ እንደዚያ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ስልኩን ውሰዱ። በ1993 እና በ2003 መካከል የህንድ የስልክ አገልግሎት ከሥሩ ተለውጧል። ሞባይል በ1995 ገባ፣ ውድድር መጣ፣ የመንግሥቱ የስልክ ሥራም በ2000 ወደ ኩባንያነት ዞረ። ባንጋሎር ውስጥ አንድም መጠይቅ ባይሞላ ኖሮ እንኳን የስልክ ደንበኛው ደስታ መጨመሩ አይቀርም ነበር። መብራቱም በ2002 ለከተማው ዙሪያ በተቋቋመ አዲስ የማከፋፈያ ኩባንያ ስር ገባ። ስለዚህ የ1994ቱ የመብራት ማርክና የ2003ቱ የመብራት ማርክ በትክክል የአንድ ተቋም ማርኮች አይደሉም። የሶፍትዌሩ ገንዘብም ከተማዋ ውስጥ እየገባ ነበር።

ካርዱ የሰራው ሌላ ነገር ነው ባይ ነኝ። ስልክና መብራት በቴክኖሎጂና በሕግ ለውጥ ሲሻሻሉ፣ እንደ ማዘጋጃ ቤትና እንደ ልማት ባለሥልጣን ያሉት ውድድር የማይመጣባቸው ናቸው። ማንም ሁለተኛ ማዘጋጃ ቤት አይከፍትም። እነሱን ሊነቀንቅ የሚችለው የተለካ የሕዝብ ድምፅና ያንን ድምፅ ይዞ የሚጠይቅ የበላይ አካል ነው። በ1994 ድምፁ ነበር፣ የበላዩ አልነበረም፤ ለውጡም ትንሽ ነበር። ከ1999 በኋላ ሁለቱም ነበሩ። የእርካታና የጉቦ ቁጥሮች አብረው የተስተካከሉት በዚህ በሁለተኛው ጊዜ መሆኑ ለእኔ ትርጉም አለው።

ስለ እርካታ ቁጥር አንድ ጥንቃቄም አለ። እርካታ የሚለካው አገልግሎቱንም የሰውየውን ግምትም ነው። ከመንግሥት ምንም የማይጠብቅ ሰው ትንሽ ነገር ሲደረግለት ይረካል። ብዙ የሚጠብቅ ሰው ደህና አገልግሎት ተሰጥቶትም ያማርራል። በዚህ ምክንያት ድሃ ሰፈር ውስጥ ከፍ ያለ እርካታ ቢገኝ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው፣ ተስፋ መቁረጥም እንደ እርካታ ሊቆጠር ይችላልና። ማምለጫው የሆነውን ነገር መጠየቅ ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን መጣ? ጉዳይዎ አለቀ ወይስ አላለቀም? ይህን ጥያቄ ግምት ብዙም አያዛባውም።

የድሃ ሰፈር ነዋሪዎችን ለብቻ መስማት ወደ ሌላ ጥናትም መርቷል። ፐብሊክ አፌርስ ሴንተር በማዘጋጃ ቤቱ የማዋለጃ ሆስፒታሎች የወለዱ ድሃ እናቶችን ለብቻ ጠየቀ። በነጻ ሊሰጥ በሚገባው አገልግሎት ላይ ለሠራተኞች ገንዘብ መክፈል የተለመደ ሆኖ ተገኘ፣ የወለዱትን ልጅ ለማየት እንኳን የከፈሉ እናቶች ነበሩ። ይህን ቁጣ ሳይሰማኝ አንብቤው አላውቅም። በ1994ቱ ካርድ ሆስፒታሎች ከሁሉ የተሻለ ማርክ ከነበራቸው ውስጥ መሆናቸውን አስታውሱ። አጠቃላይ ዳሰሳ ወደ አንድ ክፍል ገብቶ አንድ ዓይነት ተገልጋይ ካልጠየቀ እንዲህ ያለውን ነገር በአማካይ ውስጥ ይቀብረዋል።

ከዚያ በኋላ

በ2004 የካርናታካ መንግሥት በምርጫ ተለወጠ፣ ግብረ ኃይሉም አልቀጠለም። በሕግ የቆመ አካል አልነበረም። የአንድ ዋና ሚኒስትር ፈቃድ ነበር፣ ፈቃዱ ሲነሳ አብሮ ሄደ። በዚህ ላይ ከነዋሪው ወገን የተነሳ ትችትም አለ፦ ግብረ ኃይሉ ውስጥ የኩባንያ ሰዎችና ባለሙያዎች በዝተው የተመረጡት የምክር ቤት አባላትና ድሆቹ ዳር ቀርተዋል የሚል። ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል። ሕዝብን ጠይቆ ያገኙትን መልስ ሕዝቡ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ መወሰን ራሱን የሚቃረን ነገር ነው።

ዘዴው ግን ከባንጋሎር ወጥቷል። ሌሎች የህንድ ከተሞች ሞከሩት። በፊሊፒንስ ዓለም ባንክ በአገር ደረጃ ድሆች ስለሚያገኙት አገልግሎት አሰራው። ወደ እኛም መጥቷል፤ በኢትዮጵያ የፀረ ድህነት ሲቪል ማኅበራት ጥምረት በባንጋሎሩ ተቋም ድጋፍ በ2000ዎቹ አጋማሽ በትግራይ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በድሬዳዋ የዜጎች ሪፖርት ካርድ ሰርቷል። ሳሙኤል ፖል በ2015 እስኪያርፍ ድረስ ስለዚህ ሥራ ሲጽፍና ሲናገር ኖሯል።

ከባንጋሎር ወደ ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚጓዘው መጠይቁ ነው፤ ጥያቄዎቹ ይተረጎማሉ፣ ናሙናው ይወጣል፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ይሰለጥናሉ። የማይጓዘው ሦስተኛው ዙር ነው። ለአንድ ዳሰሳ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አይጠፋም። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው አነጋገር፣ ስለዚያው መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ፣ ያለፈውንም ቁጥር ከአዲሱ ጎን የሚያስቀምጥ ተቋም ግን ከውጭ በሚመጣ ፕሮጀክት አይገነባም። የነዋሪ ዳሰሳ ለመጀመር ያሰበ ማንኛውም ከተማ በጀቱን ሲያወጣ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዙር አብሮ ቢያወጣ፣ ሁለቱን ካልቻለም ናሙናውን ቀንሶ ሁለቱንም ቢሰራ ይሻለዋል።